ምንጩ ያልተጠቀሰ

ሰኞ ጧት ሁለት ሰዓት፣ መስከረም ሲጋመስ፣
ዝናብ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው በማርቆስ፣
ኮሌጁ ግቢ ውስጥ፣ ከቁጥር ሰባት ክፍል፣
ለአርባ ሁለት ተማሪ ሁለት ወንበር ሲጎድል፣
ጃንጥላዬን ከግድግዳው ጥግ አስጠግቼ፣
ደንቡን ማንበብ ያዝኩኝ፣ ፎቶ ኮፒ አብዝቼ፦

«የትምህርቱ ስም፦ ሂሳዊ አስተሳሰብና ድርሰት፤
ክሬዲቱ ሦስት፤ በሳምንት ሦስት ሰዓት።
አንደኛ፦ ማርፈድ ክልክል፤ በሩ ከተዘጋ አታንኳኩ።
ሁለተኛ፦ ስልክ ይጥፋ፤ ከዴስክ ሥር አትነካኩ።
ሦስተኛ፦ ለዘገየ ጽሑፍ በየቀኑ አሥር ነጥብ ይቀነሳል፤
ለቅሶም ሆነ ሕመም፣ ማኅተም ያለው ማስረጃ ይጠየቃል።
አራተኛ፦ የሰው ሐሳብ የወሰደ ባለቤቱን ይጥቀስ፤
ያልጠቀሰ ዜሮ ነው፣ ቢለምንም ቢያለቅስ።
አምስተኛ፦ የተነገራችሁን ሁሉ አሜን ብላችሁ አትዋጡ፤
‹ለምን?› በሉ፤ መርምሩ፤ አላምጡ።»

አምስተኛዋ ላይ ስደርስ ድምፄ ይሞቃል ሁሌ፤
ሰባት ዓመት እንደዚያ ነው፣ እንደ ዳዊት በቃሌ።

ከኋላ፣ ከመስኮቱ ዘንድ፣ አንድ ቀጭን እጅ ተነሣ።
«ስምህ?» «አንማው።» «ከየት?» «ከወደ ቢቸና።
አምስት ዓመት ቅኔ ቤት ነበርኩና፣
እዚያ የትላንቱን ቅኔ ዛሬ ማንም አይደግምም፤
የደገመ ተስቆበት እስከ ማታ ቀና አይልም።
ስለዚህ አራተኛዋን ወድጃታለሁ፣ መምህርት፤
ግን አምስተኛዋን ልታዘዝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት።

ይህን ወረቀት ማን ጻፈው?»

«እንዴት?» አልኩ። «ከታች፣ ጥግ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣
የዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት ቀን ተጽፎ ይታያል።
‹ሰባት ዓመት አስተማርኩ› ብለው ነበር ሲገቡ፤
ቀኑ ከዚያ ይቀድማል፤ አልገጠመኝም ሒሳቡ።
ሦስተኛዋ ላይ ደግሞ ‹ይቀነሳል› ሁለቴ ተጽፋለች፤
እርስዎ ሲያነቡ አንዷን ዘለሏት፤ ምላስዎ ለምዳለች።»

ክፍሉ ጭጭ አለ። ዝናቡ ብቻ ከላይ ያጨበጭባል፤
የይታይሽ ሳቅ ግን በጣቶቿ መሀል ያፈተልካል።
በመስኮቱ ጮቄ ቢፈለግ የለም፤ ጉም ውጦታል፤
ያኔ እኔም ብጠፋ ደስ ባለኝ፤ ጮቄስ ታድሏል።

መልሱን አውቀዋለሁ። መምህር ውብነህ ጡረታ ሲወጡ፣
መሳቢያውን ከነቁልፉ፣ ከነአቧራው ለእኔ ሲሰጡ፣
«ይቺ ገጽ ታኖርሻለች» ነበር ያሉኝ፣ ፈገግ ብለው።
የርሳቸውን ስም በነጭ ቀለም ሸፍኜው፣
የኔን ከላይ ጻፍኩበት፣ ቸኩዬ፣ እፍ እፍ ብዬው።
ከዚያ በየመስከረሙ ቅጂ፣ የቅጂውም ቅጂ፤
ፊደሉ እየሳሳ፣ እኔ እየበረታሁ፣ ሆኜ ደንብ አዋጂ።

ጠመኔ አነሣሁ። ለክፍሉ ጎኔን ሰጥቼ፣
«ምንጭ፦ ውብነህ አየነው» ብዬ ጻፍኩ፣ አጉልቼ።
ከሥሩ የራሴን ስም፤ በአራተኛው ደንብ መሠረት፣
ከስሜ ጎን አንዲት ክብ ዜሮ፤ ጠመኔው ጮኸ ስዞርባት።

«ይሄው» አልኩ። አንማው ግን አልተቀመጠም ገና።
«ዜሮው ልክ ነው። ሦስተኛዋ ግን አልገባችኝምና፣
ለቅሶ ማስረጃው ምንድን ነው? ዕንባ ማኅተም አለው?»
ደወሉ ባይደወል ኖሮ፣ እንጃ፣ መልሴ ምን ነው።

የመጀመሪያው ድርሰት በሳምንቱ ማክሰኞ ነበር። አንማው ቀረ።
ሐሙስ ጧት የቢቸና ሚኒባስ ረዳት በሬን ቆረቆረ፤
በላስቲክ የተጠቀለለ ሁለት ገጽ፣ ጥጉን ጭቃ የነካ፤
ሁለት ቀን ዘግይቷል፤ ሃያ ነጥብ፣ በደንቡ ሲለካ።

እስክሪብቶዬን ከፈትኩ፤ ቀዩን። የመጀመሪያው መስመር፦
«የኔታን እሑድ ዕለት ስናለብስ አፈር፣
ማኅተም የያዘ አልነበረም። ምንጬ የገዛ ዐይኔ ነው።»

ሃያ ብዬ ጻፍኩ፤ ሰረዝኩ፤ ጻፍኩ፤ ወረቀቱ ሊቀደድ ነው።